ልቧ ጤነኛ በመሆኑ መድኃኒት ስለተከለከለች እህቴ

ለተከበሩ የመድኃኒት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ጣቶችዎንም እንደ ልብ ሲታጠፉና ሲዘረጉ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ በኩል ከታናሽ እህቴ ጣቶች በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የመገጣጠሚያ ብግነት ጣቶቿን ካሳበጠ አራት ዓመት ሆነው። ያልዋጠችው ኪኒን የለም። በመጨረሻ ሐኪሟ፣ የልብ ምታቸው የሚዛባ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ብግነትንም ያበርድ እንደሆነ ወደሚያጠኑበት ሙከራ አስገቧት። በሦስተኛው ወር ራሷ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች፤ መርፌውን ይዛ ለጎረቤት ስታሳይ ዋለች። በአራተኛው ወር ክፍልዎ መድኃኒቱን አስቆመ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. «መድኃኒቱ የተመዘገበው ለልብ ነው፤ አመልካቿ የልብ ሕመም የለባትም» ብላችሁ ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን። እህቴ በልቧ ጤንነት ምክንያት ላደረሰችባችሁ እንግልት ይቅርታ ትጠይቃለች። ሆኖም በመስኮታችሁ ስትመላለስ ልቧ ከወለቀ ሰነባብቷልና፣ ይኸው በማስረጃነት ይያዝልን።

2. መድኃኒቱ እንዳይጎዳት ሰግታችሁ ከሆነ፣ እኔም ሰግቼ ነበር። ለዚሁ ሲባል ሐኪሟ በየሁለት ሳምንቱ የልብ ምቷን በመሣሪያ እያዩ ውጤቱን ይልኩላችሁ ነበር። ሰባቱንም ፖስታ ሳትከፍቱ፣ ሳታጨማድዱ ስለመለሳችሁልን ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ።

3. ጸሐፊዎ አዝነው፣ የልብ ሐኪም ይዘዝላት ሲሉ መከሩን። ሄድን። የልብ ሐኪሙ መርምረው ምንም የለብሽም፣ ደስ ይበልሽ አሏት። እህቴ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች። ጤነኛ ነሽ የተባለ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት፣ ስቆልፍላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔም አላየሁ መስዬ ስለ አየሩ አወራለሁ።

ለሚዘገየውም ሆነ ለማይመጣው ምላሽዎ ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት፣
ከመስኮት ቁጥር አራት ወረፋ ላይ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ያስገባነው አቤቱታ «የአመልካቿ ፊርማ በሦስተኛው ወር ከፈረመችው ጋር አይመሳሰልም» ተብሎ ተመልሶልናል። ልክ ናችሁ፣ አይመሳሰልም። ያኔ መድኃኒቱን እየወሰደች ነበር።