ከዮናስ ዕድሜ የቀነስኩት ሦስት ዓመት

ይድረስ ለሙሉቀን፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ አንተን ጤና መጠየቅ ምን ይሠራል፣ እዘለዋለሁ። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ደህና አይደለንም። ሙሌ፣ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ሁሉ ነገር አስጠልቶኝ ነው። ሰዎቹ፣ ኳሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔው ራሴ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርህ። የጓዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ሃና አስራ አራት ሞልቷት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሰው ፊት እውነቱን የመናገር አመሏ አልለቀቃትም። ኳሶችህን ትይዝበት የነበረውን ጆንያ ለልጆቹ ቡድን ሰጠሁ። አሠልጣኙ አሁን ደሳለኝ ነው፤ አንተ ያሳደግከው፣ ቀኝ መስመር ላይ ይሮጥ የነበረው። ቡድኑን በስምህ ሰየሙት። ማልያው ደረት ላይ ፎቶህን አትመውበታል። የመታወቂያህ ፎቶ ነው፣ የተኮሳተርክበት። ልጆቹ ሲያልባቸው ፊትህ ይጨማደዳል።

አንተ ሳለህ ልጅ ሁሉ በረኛም፣ ተከላካይም፣ አጥቂም መሆን ነበረበት። አምበልነት እንደ ማኅበር ጽዋ በተራ ይዞራል። ልምምድ ላይ ሦስት እግር ያልነካው ኳስ ጎል ቢሆንም አትቆጥረውም። ሰዉ "ሙሌ ኳስ ሳይሆን ማኅበር ነው የሚያስተምረው" እያለ ይስቅብህ ነበር። እኔም ስቄብሃለሁ። ትሸነፍ ነበራ! ደብረ ወርቅ ላይ አምስት ለአንድ ተሸንፋችሁ የመጣችሁ ጊዜ፣ ልጆቹ ያቺን አንዷን ጎል ማን ለማን እንዳቀበለ እየተከራከሩ ግቢያችን ውስጥ ሲስቁ ሰማሁና፣ ይሄ ሰውዬ ሽንፈት አለመዳቸው አልኩህ። "መጀመሪያ ቀና ብለው ጓደኛቸውን ማየት ይልመዱ፤ ማሸነፉ የትም አይሄድም" አልከኝ። አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ወር ደሳለኝ ቢሮዬ መጣ። ሥራዬን ታውቃለህ፤ የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ነኝ፣ ልደትም ሞትም የምመዘግበው እኔ ነኝ። ያንተንም መዝግቤአለሁ። ሞጣ ላይ ከአስራ ሦስት ዓመት በታች ውድድር ስላለ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል አለኝ። የስድስት ልጆች ስም ይዟል። ስድስቱም ድምፃቸው የጎረነነ ጎረምሶች ናቸው። አንደኛው የእኛ ዮናስ ነው። ልጃችን አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ የደሳለኝ ወረቀት ላይ አስራ ሁለት።

"እትዬ ፋንታዬ፣ ሞጣዎች የሚያሰልፉትን ብታዪ! ሚስት ያገባ ሁሉ አላቸው። እኛ ብቻ ጻድቅ ሆነን እንዋረድ?" አለኝ። ወንበሩን አስጠጋ። "ከዞን መልማዮች ይመጣሉ። የዮናስ እግር እሳት ነው። በአስራ አምስት ዓመቱ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በአስራ ሁለት ዓመቱ ግን ተአምር ነው።"

በጊዜው ያልተመዘገበ ልጅ በሦስት ምስክር ይመዘገባል። የመዝጋቢ ልጅ ሆኖ፣ ነገ ዛሬ ስል ዮናስንም አላስመዘገብኩትም ነበር። ምስክሮቹ መጡ። አንዱ የክርስትና አባቱ አያ በላይ ናቸው። በአርባ ቀኑ ከካህኑ እጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በዚያው እጃቸው ማዕተባቸውን ይዘው፣ ልጁ ከተወለደ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው ብለው ማሉ። ሲወጡ "ለልጁ ብዬ ነው፤ እግዜር ልብን ያያል" አሉኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ የምላቸው ከልቤ ነበር።

ፈረምኩ። ማኅተሙንም አሳረፍኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ትልቅ ቦታ ሲደርስ ታየኝና ስድስቱንም ፈረምኩ።

መንገዱ ክፍት የሆነ ሰሞን ስለነበር በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞጣ ሄድን። ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ልጆቻችን ሲገቡ የሞጣ ሰው ጀመረ። "ልጆቹስ? አባቶቻቸውን ነው እንዴ የላካችሁት?" "ያ አስር ቁጥር ዛሬ ጠዋት ነው ጢሙን የተላጨው!" "ሚስቱ አልመጣችም?" አስር ቁጥሩ ዮናስ ነው። የእኛ ሰውም አላረፈም፤ "የእናንተ በረኛ ስንት ወልዷል?" አለ። ከዚያ ሁሉም አብሮ ሳቀ። ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ከሞጣ ልጆች መካከል አንድ እውነተኛ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቁምጣው ከጉልበቱ አልፎ የወረደ። ዮናስ በትከሻው ገጭቶት አለፈ። ልጁ ክንዱን ታቅፎ መሬት ላይ ቀረ። ዮናስ ዞሮ አላየውም፤ ሄዶ ጎል አገባ። አራት አገባ፣ አራቱንም ብቻውን። ደሳለኝ ከዳር ሆኖ "አትስጥ! ራስህ ጨርስ!" እያለ ይጮሃል። አንተ የጀመርካቸው ትንንሾቹ ፎቶህን ለብሰው ተቀምጠው ውሃ ሲያቀብሉ ዋሉ። አንዱም አልገባም።

ሞጣዎች ክስ አላቀረቡም። ክሱ የራሳቸውንም ወረቀት ያስፈትሻል። ሁለቱ አሠልጣኞች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። መልማዮቹ ዮናስን መዘገቡት፤ በሚቀጥለው ወር ማሠልጠኛ ይገባል አሉ።

ቤት ስንመለስ ዮናስ ያሸነፉበትን ዋንጫ ከፎቶህ ሥር አስቀመጠው። ሃና አየችውና "እንግዲህ ታላቅህ ሆኛለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በለኝ" አለችው። አልሳቀም። ያን የወደቀ ልጅ ለምን አላነሳኸውም ብዬ ጠየቅሁት። "ደሳለኝ ጊዜ አታባክን ብሎኛል" አለ፤ እርምጃውን ሳያቆም ወደ ጓዳ ገባ። ይሄ በስድስት ዓመቱ ካንተ ጋር ሜዳ መዋል የጀመረ ልጅ ነው። ደሳለኝን ረገምኩት። ከዚያ ግን የሰው ዕድሜ በፊርማ እንደሚቀነስ ልጁ ከማን እንዳየ አሰብኩ። በማግስቱ የሞጣው ልጅ ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ መታሰሩን ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት የስድስቱም ምዝገባ እንዲሰረዝ ጠየቅሁ። ያደረግሁትን በእጄ ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁ፤ ቅጂውን ለውድድሩ አዘጋጆች ላክሁ። ኃላፊዬ አነበበውና በሩን ዘጋ። "ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ማን ጠየቀሽ? ቅደጂው" አለኝ። አልቀደድኩትም። ከሥራ ታግጄአለሁ። ዋንጫው ይመለስ ተብሏል። ደሳለኝ ገበያ መሃል አግኝቶኝ "የባልሽን ስም ቀበርሽው" አለኝ። አያ በላይ ሰላምታ ነስተውኛል። ይሄ ሁሉ አልከበደኝም።

የከበደኝ ዮናስ ነው። ስሙ ከመልማዮቹ ዝርዝር ወጣ። ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም፤ ምሳውን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ትናንት በመጨረሻ "አባዬ ቢኖር ይህን አያደርግም ነበር" አለኝ። መፈረሜን ይሁን መሰረዜን አልጠየቅሁትም። ፈራሁ።

ዛሬ በትክክለኛው ዕድሜው አስመዘገብኩት። በወንበሬ የተቀመጠው ሌላ ሹም ነው፤ እኔ እንደ ማንኛዋም እናት ተሰልፌ ገባሁ። መቼ ተወለደ ሲለኝ ሁሉንም አወራሁለት። ዝናቡን፤ አንተ ልምምድ አቋርጠህ ጭቃ በጭቃ ሆነህ ጤና ጣቢያው በር ላይ መቆምህን፤ አዋላጇ በዚህ እግርህ አትገባም ብላህ ልጅህን በመስኮት ማየትህን። ወጣቱ ሹም እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝና "እናቴ፣ ቀኑ ብቻ ነው የሚጻፈው" አለኝ።

ቀኑን ብቻ ነገርኩት። ሌላውን እኔ እይዛለሁ። ዮናስ ሊሰማኝ ፈቅዶ የተቀመጠ ቀን፣ በዚያ መስኮት እንዴት አድርገህ እንዳየኸው እነግረዋለሁ። እስከዚያው አንዱንም አልረሳብህም።

ፋንታዬ
ቢቸና