ትራክተር ያልገባበት መስክ

ይድረስ ለአስቴር፣ ለአስቱዬ፤

ከተለየሽኝ ወዲህ ረጅሙ ዝናብ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ቀኑን በካሌንደር የሚቆጥር ይቁጠር፤ እኛ ግቢ ጊዜ የሚታወቀው በሣር ነው። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይነሳል፣ ሣሩ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ስቆጣ «ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነሳ» ትይ ነበር። ጄኔሬተሩ ደህና ነው፣ አታስቢ። ድንኳን ተካዮቹ ካስማቸውን ሣር ውስጥ ረስተው ሲሄዱ ይነሳል፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በራችን ላይ ቆሞ ሙዚቃውን ሲያስጮህ ይነሳል፤ በአራት ሰዓት እንገባለን ያሉ ሙሽሮች በሰባት ሲመጡ ይነሳል። ዱሮ አንቺ አንድ ቃል ተናግረሽ ታጠፊው ነበር፤ አሁን ነዳጁ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለስሞታ አይደለም። የምሥራች አለኝ። የምሥራቹ የሚጀምረው ግን ከሣር ማጨጃ ስለሆነ ከዚያው ልነሳ፤ ነገርን ከመካከሉ ጀምሮ ማውራት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ።

አሮጌዋ ማጨጃ ሞተች። ያቺ «አክስቴ» የምትያት፣ በገመድ ጎትተን የምናስነሳት፣ እያሳለች ግማሽ ቀን የምትሠራው። መካኒኩ ከፈታታት በኋላ እጁን ጠርጎ «ፖሌ ሳና» አለኝ፤ ለቀስተኛ የሚያጽናና ነበር የሚመስለው። እሷ ከሞተች በኋላ ሣሩ በአንድ ሳምንት ጉልበት ደረሰ። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ፣ ከካሳራኒ ወዲያ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብለሽ ለሰርግ ይከራያል ብለሽ የመረጥሽው መሬት ዛሬም በየቅዳሜው ሰርግ አያጣም፤ ሰርገኛ ደግሞ ጉልበት በሚደርስ ሣር ውስጥ ቬሎ አይጎትትም። አዲስ ማጨጃ መግዛት የግድ ሆነ።

ሞምባሳ መንገድ ወዳለው የእርሻ መሣሪያ መሸጫ ሄድኩ። ሁለት ነገር አሳዩኝ። አንዷ ዜሮ ተርን የሚሏት ናት። ላይዋ ላይ ተቀምጠሽ የምትነጃት ማጨጃ ስትሆን መሪ የላትም። በመሪ ፋንታ ሁለት እጀታ አላት፤ የኋላ ጎማዎቿ ለየብቻ ስለሚዞሩ በቆመችበት ትሽከረከራለች። ለዛፍና ለአበባ መደብ ዙሪያ ተብላ የተሠራች ናት። ሁለተኛው ትንሽ ትራክተር ነው፤ ከሆዱ ሥር ማጨጃ የሚገጠምለት፣ ከኋላው ተጎታች የሚስብ። ለሻጩ ጥያቄዎቼን በተራ አቀረብኩለት። ሁሉንም በአንድ ቃል መለሰልኝ፦ «ኢናቴጌሜያ»። እንደ ሁኔታው ነው ማለቱ ነው። ስለ ዝናብ ስጠይቀው ኢናቴጌሜያ፣ ስለ ዳገት ስጠይቀው ኢናቴጌሜያ፣ ስለ መለዋወጫ ስጠይቀው ኢናቴጌሜያ። ጄኔሬተሩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተነሳ።

እኔ ልቤ ወደ ትራክተሩ ነበር፤ አሁንም በወረቀት ላይ ትክክሉ እሱ ነው። ዜሮ ተርኗ እርጥብ ዳገት ላይ ትንሸራተታለች፤ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት አትደፍረውም። ትራክተሩ ይደፍረዋል። ወንበሩንና ድንኳኑን ምኮኮቴኒ በሚሉት የእጅ ጋሪ ከመግፋት ያድነናል፣ አፈር ያመላልሳል። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ቀጥ ያለ መንገድ ይወዳል።

አንቺ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር አላተረፍሽልኝም።

እዚህ የተዳረ ሁሉ አንድ ዛፍ ይትከል ብለሽ ስትጀምሪ እኔ ካስማና ገመድ ይዤ እከተል ነበር። ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ፤ ዛፍ በመስመር ሲቆም ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ሙሽሮቹን «የወደዳችሁት ቦታ ትከሉ» ትያለሽ። ገመዴን ስዘረጋ «አንተ ሰውዬ፣ በሰው ትዳር ላይ ገመድ አትዘርጋ!» ብለሽ በሰው ፊት ታስቂብኛለሽ። ይኸው ዛፎችሽ ገበያ እንደወጣ ሰው ተበትነው ቆመዋል። አንዱ በር ላይ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው፣ አንዱ ብቻውን ጥግ። እነዚያ በዓመታቸው የተፋቱት ባልና ሚስት የተከሉት ወይራ ከሁሉም በልጦ ተንዠርግጓል፤ የሚያፍርበት ነገር እንዳለ አልነገሩትም መሰለኝ። የማንጎ ዛፉም አለ፤ የናይሮቢ ብርድ ፍሬ አላሰጥ ቢለው ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቀርቷል።

የግቢውን ፕላን አነሳሁ። ትራክተሩ የሚሄድባቸውን መንገዶች አሰመርኩ። ከዛፎችሽ እኩሌታ የሚሆኑት መነቀል ነበረባቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላመነታሁም፤ ሥራ ሥራ ነው። የሚነቀሉት ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩባቸው።

በማግስቱ ሰርግ ነበር። ሰርገኞቹ ሪባኑን ለእነሱ የተዘጋጀ ጌጥ አደረጉት። ሚዜዎቹ በየሪባኑ ሥር ፎቶ ተነሱ። አንሷል ብለው ደግሞ የራሳቸውን ሪባን አምጥተው ቀሪዎቹን ዛፎች ሁሉ አሰሩልኝ። ማታ ስወጣ ግቢው በሙሉ ለመነቀል ተራ ይዞ ቆሟል። ወንድምሽ ተፈራ ሣር ላይ ተንከባሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ትራክተር ምን ያደርጋል? ቡልዶዘር ግዛ!» አለኝ።

ተፈራና ልጅሽ ሶስና በአንድ ወገን ነበሩ፤ ለዜሮ ተርኗ። ሶስና እንደምታውቂያት ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእነሱ ቋንቋ ነው የምትከራከረው፦ «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ የማሚን ሚቲ ልትነቅል ነው? አታፍርም?» ትለኛለች። ሚቲ ማለት ዛፍ መሆኑን አንቺ ነበርሽ ያስተማርሽኝ። እኔ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ተጎታቹ፣ ስለ ወንበሩ አስረዳለሁ፤ እሷ ፊቷን አዙራ ትወጣለች። ተፈራ ጭራሽ ዛተብኝ፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ሽማግሌ ነው የምልክብህ!»

ይህን ዛቻ ያዢልኝ። የደረሰብኝ ጉድ ሁሉ ከሱ ነው።

እሑድ ከአምልኮ መልስ በሩ ተንኳኳ። ፓስተር ዮናስና ሽማግሌያችን ጋሽ በቀለ፣ በሙሉ ልብስ፣ ክራቫታቸውን አስረው። ግቡ፣ ተቀመጡ አልኩ። አይቀመጡም። «የመጣንበትን ጉዳይ ሳትሰማና እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አለ ጋሽ በቀለ፣ እጁን አጣምሮ። ገባኝ። ለሣር ማጨጃ ሽማግሌ! የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በክራቫት! ጄኔሬተሩ እንዴት እንደተነሳ አልነግርሽም።

«ጉዳያችሁን አውቀዋለሁ፣ ማን እንደላካችሁም አውቃለሁ» አልኳቸው። «መልሴ አይሆንም ነው። ዛፎቹ ይነቀላሉ፣ ትራክተሩ ይገባል። ይህ የኔ ግቢ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ጉባኤም ጸሎትም አያስፈልግም!» ከዚያም ስለ ዳገቱና ስለ ጎማው ስፋት በሚገባ አስረዳኋቸው። ፓስተር ዮናስ ጋሽ በቀለን ያያል፤ ጋሽ በቀለ ጣሪያውን ያያል። ትንፋሼን ስሰበስብ ጋሽ በቀለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንጂነር» አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ «እኛ የመጣነው ሶስናን ለናትናኤል ልንጠይቅ ነው። ትራክተር ጥሎሽ ይሁንልኝ የምትል ከሆነ ለልጁ እንነግረዋለን።»

አስቱ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ትሪ ወደቀ። ተፈራ ነው። ለካ ሲያዳምጥ ቆይቶ ሳቁን ለማፈን አፉን ሲይዝ ትሪውን ለቆታል።

ናትናኤልን ታውቂዋለሽ፤ በኳየሩ ኪቦርድ የሚጫወተው፣ ድምፅ ማጉያችን በተበላሸ ቁጥር ከካሳራኒ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል እየበረረ የሚመጣው። እኔ ያ ድምፅ ማጉያ ለምን ይህን ያህል እንደሚበላሽ ሲገርመኝ ነበር የኖርኩት። አንቺ ያኔ ገብቶሽ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ «ይህ ልጅ እራት ሳይበላ አይሄድም» ስትይ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

በወጉ ቢሆን ላመላልሳቸው፣ ቤተሰብ ላማክር ብዬ ቀጠሮ ልሰጣቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን ፊቴ እንደ ጋለ ብረት ሆኖ «እሺ! እሺ! ተቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ በቀለ ተቀይሞኝ ነው የተቀመጠው። «ቢያንስ አንድ ጊዜ አመላልሰን እንጂ! ልጅቷን ያስረከብከን እኮ ተበሳጭተህ ነው» አለኝ። ፓስተር ዮናስ ሊጸልይ ተነስቶ «ጌታ ሆይ» ካለ በኋላ ሳቁ መጣበትና ሁለት ጊዜ ጀመረው።

ሰርጉ እዚሁ ይሁን አለች ሶስና፤ ሌላ የት ይሁን? ትራክተሩን ለጊዜው ተውኩት፣ ከሰርጉ በኋላ ብዬ። ሣሩን በእጅ አሳጨድን። የሰርጉ ዕለት ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን መጥተው «ማማ ሶስና ብታየው!» እያሉ፣ አንቺን ማለታቸው ነው፣ እጄን ጨበጡ። በየዓመቱ ዛፋቸው ሥር ፎቶ ሊነሱ ይመጡ የነበሩት ባለትዳሮችም መጥተው ነበር፤ ዘንድሮ ልጆቻቸው በዛፎቹ መካከል እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ሲሯሯጡ ዋሉ። ቀጥ ብሎ የሮጠ አንድም ልጅ አላየሁም።

ከምሳ በኋላ የዛፍ ተከላው ደረሰ። እኔ ልማዴ ነውና ካስማዬንና ገመዴን ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ አጠገብ፣ ከፕላኔ ጋር የሚስማማ ጥሩ ቦታ ለይቼላቸው ነበር። ሶስና ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በአጠገቤ አለፈች። ሄዳ ሄዳ ዋናው መንገድ መካከል ላይ ቆመች፤ በወረቀቴ ላይ ትራክተሩ ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል ያልኩት፣ ያለሱ ሌላው ሁሉ የማይረባው መንገድ። በጫማዋ ተረከዝ ሣሩን ወጋ አድርጋ «እዚህ፣ ዳዲ» አለች። ችግኙን አየሁት። ጃካራንዳ ነው! አንቺ ስትለምኚኝ የኖርሽው፣ እኔ አበባው ረግፎ ሣር ያበላሻል ብዬ የከለከልኩት ጃካራንዳ።

ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩን ይጠብቃል። ተፈራ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዟል።

ልጅቷ ስትቆም ወገቧን እንደምትይዝ አይተሻታል? አንቺን ነው የምትመስለው። ካስማውን ሰጠኋት። እጇ መዶሻ አልለመደምና እኔው መታሁት። ገመዱን ግን ኪሴ ከተትኩት። ናትናኤል ጉድጓዱን ሲቆፍር በአዲስ ሱፉ ላይ አፈር ተበተነበት፤ ወደድኩት።

ሰኞ ሞምባሳ መንገድ ሄጄ ዜሮ ተርኗን ገዛሁ። ሻጩ «ግን ለምን ሐሳብህን ቀየርክ?» ቢለኝ «ኢናቴጌሜያ» ብዬው ወጣሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መንዳቱን ስለማመድ ግን አላየሽኝም፣ እሰይ። አንዱን እጀታ ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ይዤ አንድ ቦታ ላይ ስሽከረከር ተፈራ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይህ ማጨድ ነው ዘፈን?» እያለ ይቀርጻል። የጽጌረዳ መደብሽን ጫፉን በላሁት፤ አሁን አገግሟል። ዛሬ ግን የተፋቱትን ሰዎች ወይራ ግንዱን ሳልነካ፣ አንዲት ዘለላ ሣር ሳላስተርፍ ዞሬ እወጣለሁ። ወደ ወንዙ ያለውን ቁልቁለት ለጎረቤት ላሞች ለቀቅኩት። ወንበሩን ዛሬም በምኮኮቴኒ ነው የምንገፋው። ትራክተር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ይህን እየተናገርኩ እኖራለሁ፣ ማንም አያስቆመኝም።

ጃካራንዳው ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ለጊዜው ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም፤ መሬት መንካቱን ያወቀም አይመስለኝም። ግን በየሳምንቱ ዋናው መንገዴ ላይ ስደርስ ለእሱ ስል ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ እጀታዎቹን አላላለሁ፣ ቀስ ብዬ እዞረዋለሁ። ዞሬ ስጨርስ ቀጥ ያለው መስመሬ ጠፍቶብኛል። ፈልጌ እስካገኘው ድረስ ካንቺ ጋር አወራለሁ፤ ተፈራ ከሞተሩ ጋር የምጣላ ይመስለዋል።

ኪኩዩ የሚሉት ይህ የግቢያችን ሣር ማደግ ያቆመ ዕለት አንቺን ማሰብ አቆማለሁ። ይህን ሣር ደግሞ አንቺው ነሽ ያስተከልሽኝ፤ አመሉን ታውቂዋለሽ።

ባልሽ