የማያመው ጎን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለአማቴ፣ ለሚስቴ እናት፣ የሠራሁትን የታች ጥርስ ዛሬ አስረከብኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ጥርስ ሠሪነቴ እንዲህ ያማረ ወጥቶልኝ አያውቅም። አፋቸው ውስጥ ከትተው ሁለት ጊዜ ነከስ ነከስ አደረጉ።

«ልጄ፣ ግራው ያመኛል። ስገጥመው ግን ቀድሞ የሚነካው ቀኙ ነው።»

ግራው አመማቸው። ግራውን ሞረድኩ። ሙያ ማለት ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሁንም ግራው። ሞረድኩ።

«ኧረ ቀኙን እይልኝ!»

የማያመውን ጎን ልይ? እግሩ ለተሰበረ ሰው ኮፍያ ልዘዝ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አብረውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ አማቴ ምሳ ላይ ዝም ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጥርሱ ድዳቸውን ይቆነጥጣል። ስለ ቦርጬ የለ፣ ስለ ሸሚዜ አንገት የለ፣ ለሚስቴ «ያ የጠየቀሽ መሐንዲስ ይሻልሽ ነበር» የለ... እሳቸው ሾርባ በማንኪያ ይጠባሉ፣ እኔ ሁለተኛ ሳህን አነሳሁ። እንዲህ ያለ ምሳ ካገባሁ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሚስቴ፦ «እማዬ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ እያጠበበች ነው የምትለብሰው። አይታይህም?»

«እየሠራሁበት ነው።»

«ስንት ጊዜ ሞረድከው?»

«ስድስት።»

«ስድስቴ ያልሠራ ሰባተኛው ላይ ምን ሊያደርግ?»

ጥርስ የማታውቅ ሴት ጥያቄ። ሰባተኛውን ሞረድኩ። ግራው ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አማቴ ኩሽና ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሐኪሙ ገና ሳይመረምር «እህል መቼ ቀመሱ?» አላቸው። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። በዚያ ሁኔታቸው እንኳ!

ሚስቴ አላለቀሰችም። ጥርሱን ከመሐረብ ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «እስከ ነገ። ካልሆነ መንገድ ማዶ ያለው ጥርስ ሠሪ ጋ እወስዳታለሁ። ለምን እንደወሰድኳትም እነግረዋለሁ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠዋት፣ አልጋቸው አጠገብ። ባለቀለሙን ወረቀት አስነከስኳቸው። ጥርስ ቀድሞ በሚነካበት ቦታ ላይ ቀለም ይተዋል፤ የተማሪ ነገር ነው ብዬ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ግራው ንጹሕ። ቀኙ ላይ ምስር የምታክል ሰማያዊ ነጥብ... ቀኙ ከፍ ብሎ ኖሯል። በነከሱ ቁጥር ጥርሱ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ድዳቸውን ሲፍቅ ከርሟል። ሞረዱን አራት ጊዜ ሳብኩ። አለቀ።

ዳቦ ገመጡ፤ አኘኩ፤ ዋጡ። ከዚያ በልጃቸው ፊት፦ «አንተ፣ ባለፈው እሑድ ሁለት ሳህን ስትበላ አይቼሃለሁ እኮ። ዝም ስልህ ተስማማህ፣ አይደል?»

ሚስቴ አየችኝ። ምን ልበል? እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው፣ እሺ። ወረቀቱ ግን ከእጄ አንድ ክንድ የማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ያላየሁት ስላልታየኝ ነው... ወይስ ስለጣመኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 27

አማቴ አገግመዋል። ሥጋ ያኝካሉ፤ ሲበቃቸው እኔን። ጠዋት ጠዋት መሥሪያዬ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ደንበኞቼን ይቀበላሉ። «የሚያማችሁን አትንገሩት፣ እዚያው ላይ ችክ ይላል። የማያማችሁን ንገሩት!» ደንበኞቼ ይሥቁብኛል። ግን ይነግሩኛል፤ እኔም እሰማለሁ። ሳምንት ሙሉ አንድም ጥርስ አልተመለሰብኝም። እንዲህ ያለ ውርደት!

ሚስቴ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ «ጨው አቀብለኝ» ብቻ ነው የምትለኝ። ዛሬ ምሳ ላይ ደፈርኩ።

«የቱ ጋ ነው የማያምሽ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከልቧ አሰበች።

አላገኘችም።