ብቸኛው አየነው የተቀበለው ግጥም

ገዳሪፍ፣ ጥር 2002 ዓ.ም.

ውድ አየነው፣

በካሴትህ ሽፋን ላይ «ብቸኛው» ተብለህ ስለተጻፍክ ይህን ደብዳቤ ብቻህን እንደምታነበው ተስፋ አለኝ። የባንድህ ሌሎቹ ሦስት ብቸኞች አጠገብህ ካሉም ግድ የለም፤ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

ባንዱ ሲጀመር አንድ ክራር፣ አንድ ጊታርና ጓደኛህ ደጉ የሚደበድበው ጄሪካን ብቻ ነበር። በገዳሪፍ ሐሩር የምትለብሰውን ጥቁር ሸሚዝ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። አንድ ዓይንህን የሚሸፍነው ፀጉርም በእኔ ማበጠሪያ ነው የተጋደመው። ሐዘን በአንድ ዓይን ሲታይ ያምራል አልከኝ፤ አመንኩህ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ እልካለሁ ስትለኝም አመንኩህ።

እናቴ ወለተ ማርያም ጎረቤት ጠርታ ስንጠብቅ ዋልን። አንተ ለካ ጠዋቱን በሎሪ ወደ ካርቱም ሄደሃል። በዓመቱ ካሴትህ መጣ። ስምንቱም ዘፈን ለባለ ትራክተር ብላ ስለከዳችህ ልብስ ሰፊ ነው። ለመሆኑ ገዳሪፍ ውስጥ ስንት ሐበሻ ልብስ ሰፊ አለች? የሰፈራችን ባለ ትራክተር የጀማሉ ሚስት ዘፈኑን ሰምታ የባሏን ጀላቢያ ከነመርፌው ከስፌት መኪናዬ ላይ ነጥቃ ሄደች። እናቴ ሰው እንዳያያት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች። ይህን ግን አልዘፈንከውም።

ባለፈው ወር ለሰሊጥ አጨዳው ማብቂያ ፋሽጋ እርሻ ድረስ መጣህ። አጫጆቹ እንባህ ሲሰለቻቸው ጊዜ ጊታሩን አስቀምጠህ ክራር አነሳህና «ግጥም ጣሉልኝ» አልክ። የመተማ አዝማሪ ልጅ መሆንህን ለካርቱም ደብቀህ ይሆናል፤ እኔ ግን አባትህን አውቃቸዋለሁ። የተጣለለትን ግጥም ያልተቀበለ አዝማሪ ሁለተኛ ሰው ፊት አይቆምም እያሉ ነው ያሳደጉህ። አፍህ ከሐሳብህ ይቀድማል።

ከጆንያው ክምር ጀርባ ቆሜ «ተቀበል» አልኩህ።

ሽማግሌ ልኬ እመጣለሁ ብዬ፣
በሎሪ ሸሸሁኝ ጊታሬን አዝዬ።
ከዳችኝ እያልኩኝ ያለቀስኩት ሁሉ፣
የከዳሁት እኔ፣ እወቁት በሙሉ።

በዚያው በሚያለቅስ ድምፅህ አንድም ሳታስቀር ተቀበልክ። ያየኸኝ አራተኛው ስንኝ ላይ ነው፤ ያ ፀጉርህ ከዓይንህ ገለል ሲል። አጫጆቹ ስድስት ጊዜ አስደገሙህ። ጀማሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ፣ ይችን ለሚስቴ» እያለ ሲቀዳ ነበር።

አሁን ደጉን ልከህ «የትም ብሄድ ሌላ ዘፈን የሚጠይቀኝ ጠፋ፣ ቀልድ ነበር በይልኝ» ብለሃል። አልልም። እናቴ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ተሳልማ መጣች። ሴቶቹ ከመካከላቸው ቦታ ለቀቁላት አሉ። እሱን ቦታ በአንተ ዝና አልለውጠውም።

ቁረይሻ ከተማ ለሠርግ መጠራትህን ሰምቻለሁ። እኔም ተጠርቻለሁ፤ የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ሁለት ስንኝ ተርፎኛል።

ያልከዳችህ፣
በለጠች ልብስ ሰፊዋ