የአክስቴ የዕረፍት ፈቃድ በስህተት እጄ ስለመግባቱ

ለእንግዳ ማረፊያ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ ሻይ በፊት
አመልካች፦ ሻንጣ ተሸካሚው (በባልደረቦቼ አጠራር «ቀበጡ»)

ጉዳዩ፦ የፈቃድ መስጫው ሲስተም ማንም ሳያዘው የሾመኝ መሆኑን ስለማሳወቅና በአስቸኳይ እንድሻር ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ከባድ ዜና ይዤ ቀርቤያለሁና እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡልኝ። በድርጅታችን መንግሥት ተገልብጧል። መስኮት አልተሰበረም፣ የጮኸም ሰው የለም፤ ነገር ግን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥልጣን ከኃላፊዋ እጅ ወጥቶ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ እጅ ገብቷል። ተሸካሚው እኔ ነኝ።

1. ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞዋ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ የዕረፍት ፈቃድ የመስጠት ሥራቸው ለአዲሷ ኃላፊ እንዲተላለፍ ታዘዘ። ይህን የሚሠራው ላይኛው ፎቅ ያለው የሲስተም አስተዳዳሪያችን ነው። እኛ ታች ያለነው «ሪስታርት» እንለዋለን፤ ምንም ቢነግሩት መልሱ «አጥፍተህ አብራው» ነውና። እሱ ከሠራተኞች ስም መካከል አዲሷን ኃላፊ መረጠ። ሲስተሙ ግን በስም ዝርዝሩ ላይ ከእሷ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ያለውን ስም መዘገበ፤ ከእሷ ሥር ያለሁት እኔ ነኝ። በእሱ ስክሪን ላይ ዛሬም የምትታየው እሷ ናት፤ የፈቃድ ጥያቄው ግን የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው።

2. በዚህም ምክንያት ማወቅ የማይገባኝን ሁሉ አወቅሁ። ልብስ ተኳሹ ጥርሱን ሊያስነቅል ነው። ፎጣ አጣፊዋ ደግሞ ለምን ሐሙስ መቅረት እንደፈለገች አውቃለሁ፤ ለእርስዎም ቢሆን አልናገርም። ወሬ ለማያድርበት ሰው ይህ ምን ያህል ስቃይ እንደሆነ ይገመትልኝ።

3. ከጥያቄዎቹ አንዱ የአክስቴ ነው። አክስቴ አንሶላ አጣቢ ናት፤ እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት። ባሏ ዓይኑ በሞራ ተጋርዶ ኩባያና ብርጭቆ መለየት አቅቶታል። ቀዶ ጥገናው አርብ ነው፤ ሆስፒታሉም ያለ አስታማሚ አልቀበልም ብሏል። ቀጠሮው ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም።

«ፍቀድ» የምትል አረንጓዴ ቁልፍ አውራ ጣቴ ሥር አለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሊፍት ውስጥ ገብቼ የሁሉንም ፎቅ ቁልፍ ተጭኜ የምወርድ ሰው ነኝ። ይህችን ግን አልነካሁም። በሌላ ሰው ሥልጣን የፈቀደ ይባረራል፣ የተፈቀደለትም ያለ ፈቃድ እንደቀረ ተቆጥሮ ይሰናበታል የሚለው ማስታወቂያ በመግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። እኔ ብባረር ሻንጣው ሌላ ጀርባ ያገኛል። እሷ ብትባረር ግን ያ ቤት የሚቆመው በማን ነው?

4. ሪስታርት ዘንድ ወጣሁ። ስክሪኑን አይቶ «እዚህ ልክ ነው» አለ። ስልኬን ባሳየው «ፎቶሾፕ አድርገኸው ነው» አለኝ። ፎቶሾፕ ብችል ሻንጣ እሸከም ነበር? ቀጥሎም «ባለፈው ማውሴ ሆድ ላይ ፕላስተር የለጠፈው ማን ነበር? ሂድ ወደዚያ!» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። የፕላስተሩን ጉዳይ በዚህ ማመልከቻ ማንሳቱ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚያ በሲስተሙ የቅሬታ ሳጥን ጻፍኩ፤ «ችግርዎ ተፈቷል» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ተፈታ። እንደ እኛ ሲስተም ቶሎ ችግር የሚፈታ የለም፤ ወሬው ለችግሩ አለመድረሱ ነው እንጂ።

አዲሷ ኃላፊ «ለእኔ ምንም አልመጣም፤ ቢመጣማ በደስታ» ትላለች። የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ «ሲስተም ላይ ካልታየ አናውቅም» ይላል። ሁሉም ትክክል ናቸው። የተሳሳተው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

5. አሁን ወደሚያመው ልምጣ። አክስቴ ጥያቄዋ የት እንደደረሰ በስልኳ ብትከፍት «በኃላፊዎ እጅ ይገኛል» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፎቶ። ያውም ምላሴን አውጥቼ የተነሳሁት። እጇ ሳሙና እንደያዘ ሻንጣ ክፍል ድረስ መጣች። «በእኔ ሳቅ፣ እሺ፣ ስትስቅብኝ ነው ያደግከው። በእሱ ዓይን ትቀልዳለህ?» አለችኝ። ማልኩላት። «ስትምልም ትስቃለህ» አለች። እውነቷን ነው፤ ስፈራ ፊቴ ይስቃል።

ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ትለኛለች። ትናንት ኮሪደር ላይ ብንገናኝ የአንሶላ ጋሪዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታ «ይለፉ» አለችኝ። አለፍኩ፤ ምን ላድርግ? በሥልጣን ዘመኔ ከደረሰብኝ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እጠይቃለሁ፦

ሀ. ጥያቄዋ ከአርብ በፊት ለእውነተኛዋ ኃላፊ እንዲደርስ፤ ሲስተሙ እምቢ ካለም በእስክሪብቶ እንዲፈረምላት።

ለ. ሪስታርት ከፎቁ ወርዶ ስህተቱን በእኔ ስልክ ላይ እንዲያየው። ማውሱን አልነካም፤ ቃሌ ነው።

ሐ. እርስዎ ወይም እሱ በልብስ ማጠቢያው በኩል ስታልፉ ለአክስቴ «ማሽኑ ነው እንጂ ልጁ አይደለም» እንድትሏት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ይህን ዝና ያተረፍኩት በራሴ ጥረት ነው።

መንግሥት ተገልብጧል ብዬ አስደንግጬዎት ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሲጠቀለል ነገሩ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ስም አንድ መስመር ዝቅ ብሏል፤ የሚያይ ሰው ከተገኘ ሻይ ሳይበርድ ይቃናል። ያኔ አክስቴ ጋሪዋን እየገፋችብኝ «አንተ ቀበጥ፣ ከመንገዴ ዞር በል!» ትለኛለች። እኔም ዞር እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሳይፈልግ የተሾመው ሻንጣ ተሸካሚ