ገበያው ዛሬም ይወጣል

ጥቅምት 6
መነጽር ቤት እንደወትሮው። የአንዲት ሴትዮ ዓይን ስለካ የኔ ዓይን ስልኬ ላይ... የዩሮ ዋጋ በዶላር፣ ወጣ ወረድ የሚል መስመር። ጫፉ ካለፈው ጫፍ በልጧል፣ ዝቅታውም ካለፈው ዝቅታ ከፍ ብሏል። ወደ ላይ ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ «የታችኛው ፊደል አይታየኝም» ስትለኝ «ይወጣል» አልኳት።
ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። መርፌ በጥርሷ እንደያዘች «ትናንትም ይወጣል ብለህ ነበር» አለች። ትናንት ሌላ ነው። ደግሞስ የምነግድበት የውሸት ገንዘብ ነው፣ የልምምድ።

ጥቅምት 9
ደፍሬ ጠየቅኳት። ከአማቴ ቤት ለመውጣት ያጠራቀምነውን፣ የቤት መከራያውን... ትንሽ ላሠራውና ልመልሰው ብዬ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስለ ገበያው ስጠይቅህ አንድ ቀን ‹አላውቅም› በለኝ። ያን ቀን ሁሉንም እሰጥሃለሁ።»
ምን ማለቷ ነው? ለማያውቅ ሰው ነው ገንዘብ የሚሰጠው?
አማቴ ከጓዳ፦ «ነጋዴው፣ ገበያ ከሄድክ ሽንኩርት ይዘህ ና።»

ጥቅምት 13
ተመታሁ። ዋጋው ወደ ቀድሞው ጫፍ ሲጠጋ ጥሶ አለፈ ብዬ ገዛሁ... ነካ አድርጎት ተመለሰ። «ጥሶ ከላይ እስኪረጋ ጠብቅ» ብዬ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር እኮ። ግድግዳው የአማቴ ነው። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር እያነበቡ ይስቃሉ።

ጥቅምት 16
ባለቤቴ የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ስስ ወረቀት ዘረጋችልኝ። በእርሳስ የተሠመረ አንድ መስመር፣ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው። «የሌላ አገር ገንዘብ ነው። ይወጣል ይወርዳል?»
ሲወርድ ከርሟል። ደክሞታል፣ ታች ደርሷል። «ይወጣል» አልኩ። «እርግጠኛ ነህ?» «ጥርጥር የለውም።»
ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ገልብጣ በጀርባው አሳየችኝ። ከስልኬ የቀዳችው የኔው ዩሮ... ትናንት ሲወጣ አይቼ ይወጣል ያልኩት!
«የቀኝ እጅጌ ሲገለበጥ የግራ ይሆናል። አንተ ጋ ግን ገለበጥኩትም አልገለበጥኩትም ያው ነው።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን አፈርኩ። ለካ መስመሩን አልነበረም የማየው። የራሳችንን በር፣ የራሳችንን ቁልፍ ነበር። ለሷ ቶሎ ላመጣላት... እንዴት እንደጓጓሁ ነግሬያት አላውቅም።

ጥቅምት 24
አሁን እኔም መስመሩን ስስ ወረቀት ላይ ቀድቼ እየገለበጥኩ ነው የማየው። ሳይገለበጥ ይወጣል ካልኩ፣ ሲገለበጥ ይወርዳል ማለት አለብኝ። ካላልኩ የሚያወራው ገበያው ሳይሆን እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

ኅዳር 2
ራት ላይ «እህ፣ ዛሬስ?» አለችኝ። ዋጋው ላይና ታች ሲዋልል ነው የዋለው። ገልብጬም ያው።
«አላውቅም።»
ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ተነሳች። የባንክ ደብተሩን ከጨርቆቿ ሥር አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ቀልድ መሰለኝ፤ ፊቷን ሳይ አይደለም።

ኅዳር 7
ደብተሩን ኪሴ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። ማመኗ ከበደኝ። ስልኩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ...
ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ለአንድ ቤት አከራይ ከፈልኩ። ሁለት ክፍል ነው፣ ለስፌት መኪናዋ የሚሆን ሰፊ መስኮት አለው። አማቴ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው «ነጋዴው፣ ግድግዳዬን ቀለም ሳትቀባ አትወጣም» አሉ።
ባለቤቴ ቁልፉን ተቀብላኝ መዳፏ ላይ ገለባበጠችው። ከዚያ፦
«ገልብጠህ አይተኸዋል?»
«አይቼዋለሁ። በሁለቱም በኩል ቤት ነው።»