የአባዬ ማርና የሞቀው ውሃ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፤ ከሰዓት በኋላ

የሰባተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ «ይሟሟል» የሚለውን ቃል አበላሽቶታል። ትቼዋለሁ። ንዴቴ አላሠራ አለኝ።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ አባቴን ገበያ መሀል አጭበርባሪ አሉት። ማሩን ይዞ ከሚኖርበት ከሺሺንዳ በሚኒባስ ነው የመጣው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከራሱ ቀፎ የቆረጠውን። ማር ነጋዴው ጋሽ ታደለ ልፈትነው አለ። (አንቱታውን ዛሬ ነስቼዋለሁ።) ለሻይ ከፈላው ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ አንድ ማንኪያ ማር ጣለበት። ማሩ ወዲያው ሟሟ። ንጹህ ማር ከስር ይቀመጣል፣ ይሄ ስኳር ነው ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሰማ።

አባዬ ሙሉውን ባልዲ ተሸክሞ እኔ ቤት መጣ። ምሳም አልበላ። ተኝቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

በፈላ ውሃ! ምን የማይሟሟ አለ!

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ት/ቤት። ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ቀይ ቀለም ጠብ አደረግሁባቸው። በሙቁ ቶሎ ተበተነ፤ በቀዝቃዛው እንደ ክር ተንጠልጥሎ ቆየ። ተማሪዎቼ ተንጫጩ። ውሃ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይፈጥናሉ አልኳቸው። ስኳርም ማርም ቶሎ የሚሟሟው ለዚህ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ነገሩን እርሺው ይላሉ። ሰውየው ትልቅ ገዢ ነው፣ አባትሽን ይጎዳል አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ሊያደርገው?

አልረሳም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23፤ ከገበያ መልስ

ሄድኩ። አባዬ ከኋላዬ፣ እንድመለስ የኮቴን ጫፍ እየጎተተ።

ጋሽ ታደለን ከራሱ ማር አንድ ማንኪያ ለመንኩት። ሳቀና ሰጠኝ። እሱ በተጠቀመበት የሻይ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ሟሟ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን ሳቁን አቆመ። ከዚያ የአባዬን በቀዝቃዛ ውሃ። ከስር ተኛ።

ጋሽ ታደለ ብልጥ ነው። ወዲያው ተገለበጠ። በሉ ንጹህ ነው፣ ሁሉንም እወስዳለሁ አለ።

ዝም ብል ኖሮ አልቆ ነበር። አልቻልኩም። ወፍራም የስኳር ውሃም በቀዝቃዛ ከስር ይተኛል አልኩ። አባዬ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ።

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» አለ ጋሽ ታደለ።

«በዚህ ብርጭቆ አይታወቅም፣ ጋሼ። በማያውቁት ነገር ሰው አያዋርዱ።»

ሂጂ ከፊቴ አለኝ። ማሩንም አልገዛም።

ከቢታ ገነት የመጡ አንዲት እናት ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ብርጭቆው ወደሳቸው ሲመጣ ባልዲያቸውን ከደኑ። «የእኔንም አትነክሩም» አሉና ብድግ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ተነሳ። ከዚያ ሌላ።

እሁድ፣ ግንቦት 24

አባዬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ተመለሰ፣ በር ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ በቋንቋችን በካፊኖኖ ተቆጣኝ፤ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ከአፌ የገባውን ጉርሻ አስተፋሽኝ አለኝ። የቆምሽው ለእኔ ነው ወይስ ለትምህርትሽ?

ለሁለቱም አልኩት። በውሸት ፈተና ብታልፍ በሚቀጥለው በውሸት ፈተና ትወድቃለህ።

ታዲያ እውነተኛው ፈተና የት ነው አለኝ። ጅማ ማር የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ አሉ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም አልኩት። ስኳር ቢያገኙብህስ ብዬ ቀለድኩ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የቢታ ገነቷን እናት ስልክ ከገበያ ሰዎች አፈላልጎ ደወለላቸው። እሳቸውም ናሙና ይዘው ይመጣሉ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ጅማ እንሄዳለን። ለር/መምህሩ ነገ እንደማልገባ ነገርኩት። ተቆጣ።

ይቆጣ።